ለቤት ሥራ የሚሆነውን እንጨት አስቀድሞ ስለ ማድረቅ

ትምህርት ቤት ወይም ጎተራ በተሠራ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወራጁ ሲጎብጥ፣ በሩ አልገጥም ሲል፣ ምስማሩም ሲላላ ይታያል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው በአናጢው ስንፍና ሳይሆን እንጨቱ ርጥብ ሳለ ሥራ ላይ በመዋሉ ነው። በዚህም ምክንያት አንዱ ቤት የሁለት ቤት ዛፍ ይፈጃል፤ ገንዘብም ደንም በከንቱ ይጠፋል።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት ውሃን በሁለት ስፍራ ይይዛል። አንደኛው በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው፣ ሁለተኛው የእንጨቱ አካል ራሱ የጠጣው ነው። የቀዳዳው ውሃ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ እምብዛም አይኮማተርም። ነገር ግን ርጥበቱ ከደረቁ እንጨት ክብደት ከመቶ 30 ገደማ በታች ሲወርድ፣ አካሉ የጠጣው ውሃ መውጣት ይጀምራልና እንጨቱ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃልም። በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ በማደጉ ለብዙ ሰው ቤት መሥሪያ ሆኗል፤ ሆኖም ሲደርቅ መሰንጠቅና መጣመም ስለሚያበዛ ከጽድ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል።

ስለዚህ እንጨቱ በበጋ ተቆርጦ ልጡ ይላጥ። ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መደብ ላይ፣ በየረድፉ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች እየገቡ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት ይደርደር። ፀሐይና ዝናብ እንዳያገኘው ከላዩ ይከደን፤ ውሃ ፈጥኖ የሚወጣው በጫፉ ስለሆነ ጫፎቹ ቀለም ወይም ቅጥራን ይቀቡ።

መድረቁን ለማወቅ ከጣውላው መካከል ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ይመዘን፤ ከዚያም ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ፣ ሳያር በምድጃ ደርቆ እንደገና ይመዘን። 600 ግራም የነበረው 500 ግራም ቢሆን፣ የወጣው ውሃ 100 ግራም ነውና ርጥበቱ ከመቶ 20 ነበር ማለት ነው። ለወራጅና ለአግዳሚ ከዚህ በታች ሊሆን ይገባል፤ የሚያበሰብሰው ፈንገስ በእንዲህ ያለ ደረቅ እንጨት ላይ አይበረታምና። ለበርና ለመስኮት ግን ከመቶ 15 ባይበልጥ ይመረጣል።

የደረቀውም እንጨት ውሃ ካገኘው መልሶ ይጠጣል። በመሬት ውስጥ የተተከለ ምሰሶ ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው አየርና ርጥበት በሚገናኙበት በአፈሩ አፍ ላይ ስለሆነ፣ ምሰሶው በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም፤ የጣሪያውም ክፈፍ ረዘም ብሎ ግድግዳውን ከዝናብ ይጋርድ።

እንግዲህ የሥራ ኃላፊነት የተሰጠው ሹም እንጨት ሲረከብ ርዝመቱንና ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ርጥበቱንም ይመርምር። ለማድረቅ የሚታገሡት ጥቂት ወራት ቤቱን ለብዙ ዓመት ያጸኑታል።