የጊታር ፔዳል የኃይል ጃክ፤ አመራረጡና አገጣጠሙ

የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ባለባቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በገዛ እጃቸው ሊሠሯቸው ከሚወዷቸው ነገሮች አንዱ የጊታር ፔዳል ነው። ፔዳል በጊታርና በአምፕሊፋየር መካከል የሚገባ ትንሽ ሣጥን ሲሆን፣ በእግር ሲረገጥ የጊታሩን ድምፅ ያሻክራል፣ ያስተጋባል ወይም ያወዛውዛል። ለኤሌክትሪክ ክራርም ያገለግላል። ቀላሉን ዓይነት ለመሥራት ሁለት ትራንዚስተርና ጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች ይበቃሉ። የሰርኪቱን ሥዕል ማግኘትም ብዙ አያስቸግርም። ነገር ግን ሥዕሉ ኃይል የሚገባበትን ቦታ «9 ቮልት» በሚል አንድ ቀስት ብቻ አሳይቶ ያልፈዋል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሞክረው ያንን ቀስት ነው።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው እንስማማ። በሣጥኑ ላይ የሚታሰረውን ሴቴውን «ጃክ»፣ በአዳፕተሩ ገመድ ጫፍ ያለውን ወንዴውን ደግሞ «መሰኪያ» እንላቸዋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማሠልጠኛ ተቋማችን ወርክሾፕ አንድ እጩ መምህር ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል ሠራ። ሰርኪቱ ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ ሲሞከር ጥሩ ድምፅ ሰጠ። በአሉሚኒየም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ዳዶው ሲጠብቅ ግን ጸጥ አለ፤ አዳፕተሩም ይግል ጀመር። እኛም «ስትበይድ ትራንዚስተሩን አቃጥለኸዋል» ብለን ወቀስነው። ትራንዚስተሮቹን ሁለቱንም ለወጠ፤ ምንም አልተሻሻለም። በመጨረሻም ለክፍሉ የነበረን አንድ አዳፕተር ተቃጠለ። የልጁ ብየዳ ግን ምንም እንከን አልነበረውም። ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ ከመሳቢያችን አውጥተን የሰጠነው ጃክ የብረት ጃክ ነበረና።

ሀ/ ሣጥኑ ራሱ ሽቦ ነው

ከጊታር የሚወጣው የኤሌክትሪክ ምልክት በጣም ደካማ ነው። ስለሆነም በአካባቢው ካለው የ220 ቮልት መስመር የሚመጣው ጉርምርምታ በቀላሉ ይቀላቀልበታል። ይህን ለመከላከል ሰርኪቱ በብረት ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሣጥኑም በድምፅ ጃኮቹ አማካይነት ከሰርኪቱ ኔጋቲቭ ጋር ይገናኛል። እንግዲህ ሣጥኑ እንደ ጋሻ ሆኖ ያገለግላል። በሌላ አነጋገር ሣጥኑ ራሱ የኔጋቲቭ ሽቦ ነው ማለት ነው።

በሌላ በኩል በአብዛኞቹ ፔዳሎች የተለመደው የኃይል መሰኪያ የውጭ ስፋቱ 5.5 ሚሊሜትር፣ የመካከል ቀዳዳው 2.1 ሚሊሜትር የሆነው ነው። የሚሰጠውም 9 ቮልት ቀጥተኛ ከረንት ሲሆን፣ መካከሉ ኔጋቲቭ፣ የውጭው ቱቦ ፖዘቲቭ ነው። የብረት ጃክ አንገት ደግሞ ከዚህ የውጭ ቱቦ ጋር ይነካካል። ስለዚህ የብረት ጃክ በብረት ሣጥን ላይ ሲታሰር ፖዘቲቩ ኔጋቲቭ ከሆነው ሣጥን ጋር ይገናኝና አጭር ዙር ይፈጠራል። የልጁ ፔዳል ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ ሣጥን ውስጥ የሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው የምርጫ ሕግ ከዚህ ይወጣል፤ ለብረት ሣጥን አንገቱ የፕላስቲክ የሆነ ጃክ ይመረጣል።

ለ/ መካከሉ ለምን ኔጋቲቭ ሆነ?

ተማሪዎች ይህን መጠየቃቸው አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው በጃኩ ሦስተኛ እግር ነው። ጃኩ ሦስት እግሮች አሉት፤ አንዱ የመካከለኛው መርፌ፣ ሁለተኛው የውጭው ቱቦ፣ ሦስተኛው የማብሪያ ማጥፊያ እግር ነው። መሰኪያ ባልገባ ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይነካካሉ። መሰኪያው ሲገባ ስፕሪንጉን ገፍቶ ያለያያቸዋል።

የባትሪው ፖዘቲቭ ሽቦ በሦስተኛው እግር ላይ ይበየዳል። እንዲህ ከሆነ አዳፕተሩ ሲሰካ ባትሪው በራሱ ጊዜ ይቋረጣል። ባይቋረጥ ኖሮ አዳፕተሩ ባትሪውን ለመሙላት ይገፋው ነበር፤ እንዲሞላ ያልተሠራ ባትሪ ደግሞ ይግላል፣ ፈሳሽ ያወጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ጃኩ ሊቆርጥ የሚችለው በቱቦው በኩል ያለውን መስመር ብቻ ነው። ኔጋቲቩ ከሣጥኑ ጋር የጋራ ስለሆነ መቆረጥ ያለበት ፖዘቲቩ ነው። ስለዚህ ፖዘቲቩ በቱቦው፣ ኔጋቲቩም በመርፌው በኩል እንዲያልፉ ግድ ሆነ።

የሽቦው አሠራር ባጭሩ የሚከተለው ነው፦

1. መርፌው፦ ወደ ሰርኪቱ ኔጋቲቭ።
2. ቱቦው፦ ወደ ሰርኪቱ ፖዘቲቭ።
3. ሦስተኛው እግር፦ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ።
4. የባትሪው ኔጋቲቭ፦ በጊታሩ መግቢያ ላይ ወደሚታሰረው ስቴሪዮ ጃክ የቀለበት እግር።

አራተኛው ነጥብ ባትሪን ይቆጥባል። የጊታሩ ገመድ ሞኖ ስለሆነ ሲሰካ ቀለበቱን ከኔጋቲቩ ጋር ያገናኘዋል፤ ሲነቀል ባትሪው ይቋረጣል። 500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 5 ሚሊአምፔር ለሚወስድ ፔዳል 100 ሰዓት ያህል ያገለግላል። ገመዱ ተሰክቶ ቢታደር ግን ከ5 ቀን በታች ያልቃል። ሒሳቡን ተማሪዎች ራሳቸው ቢሠሩት ይመረጣል።

ሐ/ ከሱቅ ሲገዛ

ጃኩን ከመግዛት በፊት የመርፌውን ውፍረት መጠየቅ ያስፈልጋል። መርፌው 2.5 ሚሊሜትር ከሆነ የ2.1 መሰኪያ አይገባበትም። መርፌው 2.1 ሆኖ መሰኪያው 2.5 ከሆነ ደግሞ ይገባል፤ ነገር ግን ይላላል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፁ ይቆራረጣል።

ዳዶው የሚታሰርበት ወገንም መታየት አለበት። ዳዶው ከውጭ የሚታሰረው ዓይነት ከውስጥ ስለሚገባ፣ ሽቦው ጠረጴዛ ላይ ተበይዶ ካለቀ በኋላ ይታሰራል፤ ሲበላሽም ከነሽቦው ይወጣል። ዳዶው ከውስጥ የሚታሰረው ግን ከውጭ ስለሚገባ፣ ሽቦዎቹ በቀዳዳውና በዳዶው ውስጥ ካለፉ በኋላ ነው ቦታውን የሚይዘው። ለጥገና ሲወጣ ብየዳው መፈታት አለበት። በመሆኑም ለጀማሪ የመጀመሪያውን እንመርጣለን።

የ3.5 ሚሊሜትር ትንሽ የድምፅ ጃክ ለኃይል የሚጠቀሙ አሮጌ ፔዳሎች አሉ። ለአዲስ ሥራ ግን አንመክረውም፤ መሰኪያው ሲገባና ሲወጣ ለቅጽበት ፖዘቲቭና ኔጋቲቭን ሊያነካካ ይችላልና።

አዳፕተሩንም መርምሩ። ከኢንተርኔት ራውተር ጋር የሚመጣው አዳፕተር ብዙውን ጊዜ መሰኪያው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ መካከሉ ፖዘቲቭ ነው፤ አንዳንዱም 12 ቮልት ነው። ስለዚህ በአዳፕተሩ ላይ የታተመውን የክብና የነጥብ ምልክት ማንበብ የግድ ነው። ነጥቡ ከኔጋቲቭ ምልክት ጋር ከተያያዘ ለፔዳሉ ይስማማል። ቮልቱ የማይስተካከል አሮጌ አዳፕተርም «9 ቮልት» ተብሎ ተጽፎበት ሳለ ጭነት ሳይኖርበት ከ12 ቮልት በላይ ሊያሳይ ስለሚችል በቴስተር ይለካ።

መ/ ሲገጠም

ለፕላስቲክ ጃክ አብዛኛውን ጊዜ የ12 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይበቃል፤ ሆኖም በእጅ ያለውን ጃክ መለካት ይቀድማል። ሣጥኑ በሞርሳ ይያዝ፤ ቦታው በፑንቶ ምልክት ይደረግበት፤ በትራፓኖ መጀመሪያ በ3 ሚሊሜትር፣ ቀጥሎም ደረጃ በደረጃ በሰፊ ፑንታ ይበሳ። ስለቱ በሞረድ ይስተካከል። የብረቱ ብናኝ በሰርኪቱ ላይ እንዳይቀር፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው ሰርኪቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ፕላስቲኩ እንዳይቀልጥ እያንዳንዱ እግር በፍጥነት ይበየድ፤ ዳዶውም በጣት ከጠበቀ በኋላ በፒንሳ ጥቂት ብቻ ይጨመርበት።

ስሕተት ለመከላከልም በፖዘቲቩ መስመር ላይ 1ኤን5817 የተባለው ዳዮድ በተከታታይ ቢገባ መልካም ነው። ዋልታው የተገለበጠ አዳፕተር ቢሰካ ከረንቱን ያግደዋል፤ በደህናው ጊዜ የሚቀንሰውም ከግማሽ ቮልት በታች ነው።

ሠ/ ሁለት ጊዜ መፈተን

ፔዳሉ ሣጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊትም ከገባ በኋላም መፈተን አለበት። ሁለተኛው ፈተና አዳፕተርና ባትሪ ሳይኖር በቴስተር ይደረጋል፤ አንዱ ጫፍ በጃኩ ቱቦ እግር ላይ፣ ሌላው በባዶው የሣጥኑ ብረት ላይ ይሁን። በቀለም ላይ ከሆነ ውጤቱ ያሳስታል። ቴስተሩ ሳያቋርጥ ከጮኸ አጭር ዙር አለ። ለቅጽበት ጮኾ ዝም ካለ ግን ካፓሲተሩ ሲሞላ ነውና አያስደነግጥም።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። በ1966 እ.ኤ.አ. እንደወጣው ፈዝ ፌስ ያሉ፣ ፒኤንፒ የጀርማኒየም ትራንዚስተር ያላቸው ፔዳሎች ሣጥናቸው ከፖዘቲቭ ጋር የተገናኘ ነው። እንዲህ ያለው ፔዳል ከሌሎች ፔዳሎች ጋር አንድ አዳፕተር ቢጋራ፣ የድምፅ ገመዶቹ ሣጥኖቹን ስለሚያገናኙ አጭር ዙር ይፈጠራል። ስለሆነም በባትሪ ብቻ ቢሠራ ይሻላል።

ከላይ ለተጠቀሰው እጩ መምህር አንገቱ የፕላስቲክ የሆነ ጃክ ገዝተን፣ ይቅርታም ጠይቀን ሰጠነው። ፔዳሉ በዚያው ቀን ሠራ። ከዚያ ወዲህ የተማሪ ሥራ ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ ሣጥን ውስጥ ሲቆም፣ «ምን አበላሸህ?» ከማለታችን በፊት «ሣጥኑ ምን ነካ?» ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው ትራንዚስተር ያድናል፤ የተማሪውንም ልብ ከመሰበር ያድናል።