ተማሪው አስቀድሞ ሲከፍል

በኢንተርኔት ትምህርት መሸጥ በትንሽ ገንዘብ የሚጀመር ሥራ ነው። ስልክ፣ ማይክሮፎንና የቴሌግራም ቻናል ይበቃሉ። ብድር ፍለጋ ባንክ የሄደ ግን ብዙውን ጊዜ ቤት ወይም መኪና አስይዝ ይባላል፤ የተቀረጸ ትምህርት ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ከኪሱ ይጀምራል፤ ፈተናው ኪሱ ሳይደርቅ ገቢ ማግኘቱ ላይ ነው።

ሊንዳ ዋይንማንና ባለቤቷ ብሩስ ሄቪን በ1995 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የመሠረቱት የሥልጠና ድርጅት፣ ሊንዳ ዶት ኮም፣ ይህን ፈተና ያለፈው በደንበኛ ገንዘብ ነው። በአካል የሚሰጡት ሥልጠና ገበያ ሲያጣ፣ በ2002 ትምህርቱን በቪዲዮ እየቀረጹ በወርሃዊ ክፍያ መሸጥ ጀመሩ። እስከ 2013 ድረስ ከውጭ ባለሀብት ገንዘብ አልወሰዱም፤ በ2015 የባለሙያዎች ማኅበራዊ መረብ የሆነው ሊንክድኢን ድርጅቱን በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በወሩ መጀመሪያ የሚከፍል ተማሪ ለሻጩ ያለ ወለድ አበዳሪ ነው።

የሒሳብ መዝገብ አያያዝ በቴሌግራም ሳስተምር ግን ሌላም ወጪ እንዳለ አይቻለሁ። ተማሪው የቴሌብር ደረሰኙን ስክሪንሾት ይልካል፣ ወደ ዝግ ቻናሉ ይገባል። ብዙ ሳይቆይ ቪዲዮው ካልከፈሉ ሰዎች ስልክ ላይ ይገኛል። የማይቀዳው አስተማሪው የተማሪውን የቤት ሥራ አይቶ «ይሄ ዴቢት ሳይሆን ክሬዲት ነው» ብሎ ማረሙ ነው። ተማሪ ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣው ለዚህ ነው።

እርማት ግን የሰው ጊዜ ይበላል። ለዝግጅት 60 ሺህ ብር ወጣ፣ የአንድ ተማሪ ክፍያም 600 ብር ነው እንበል። ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ወጪው በ100 ተማሪ ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ለአራሚ 200 ብር ከተከፈለ የሚተርፈው 400 ብር ይሆናል፤ ወጪውን ለመመለስም 150 ተማሪ ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት ሳያሰላ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ሊከስር ይችላል።

ከኪሱ ለሚጀምር ሰው የሚያዋጣው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ጥቂት ተማሪዎችን አስከፍሎ በቀጥታ ማስተማር፣ ትምህርቱን እዚያው መቅረጽ፣ ደጋግመው የሚጠይቁትን ለይቶ ቀጣዩን ቪዲዮ በእነሱ ክፍያ ማዘጋጀት። አስቀድሞ የሚከፍል ሰው ከጠፋም የሚከስረው ማስታወቂያ የለጠፈበትን ጊዜ እንጂ 60 ሺህ ብሩን አይደለም።