«አስተፃምሯዊ ሥነ ሕይወት»፦ ስለ አንድ ስያሜ አመራረጥ

ሲንቴቲክ ባዮሎጂ የተባለውን የጥናት ዘርፍ ለተማሪዎች ለማስተዋወቅ ለሚነሣ ተርጓሚ ቀድሞ የሚመጣለት ስያሜ «ሰው ሠራሽ ሥነ ሕይወት» ነው። ዳሩ ግን በአማርኛ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ስንል በተፈጥሮው ምትክ የቆመውን ማለታችን ስለሆነ፣ ተማሪው ሕይወት ከምንም ተሠራ ብሎ ሊረዳ ይችላል። የዘርፉ ሥራ ይህ አይደለም፤ የዲ.ኤን.ኤ. ክፍሎችን በንድፍ አዘጋጅቶና አጣምሮ፣ በሕያው ሕዋስ ውስጥ የታሰበላቸውን ተግባር እንዲፈጽሙ ማድረግ ነው።

«ልውጠ ሕያው» የሚለውም ስያሜ አይበቃም፤ ነባሩ ፍጡር መለወጡን እንጂ ክፍሎች በንድፍ መጣመራቸውን አይናገርም።

ልዩነቱን በላስታ ባሉ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ማስረዳት ይቻላል። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ዐለት ተፈልፍሎ የወጣ በመሆኑ «ውቅር» ይባላል። ነባሩን አካል ይዞ ያንኑ መቅረጽ ይህን ይመስላል። በዚያው በላስታ የሚገኘው ይምርሐነ ክርስቶስ ግን የእንጨትና የድንጋይ ረድፍ እየተፈራረቀ በዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ሕንፃው ከክፍሎች ተጣምሮ ቆመ፤ ዋሻውን ግን አናጺዎቹ አልሠሩትም።

ምሳሌው በሁሉም ረገድ ባይሟላም፣ በ2002 ዓ.ም. ይፋ ለሆነው ለክሬግ ቬንተር ቡድን ሥራ ይስማማል። ቡድኑ ፍየሎችን ከሚያጠቁት ባክቴሪያዎች የአንዱን፣ የማይኮፕላዝማ ሚኮይዲስን፣ ሙሉ ዲ.ኤን.ኤ. በኬሚካል ከተዘጋጁ ቁርጥራጮች አጣምሮ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የመሠረት ጥንዶች ያሉትን ይህንኑ መመሪያ በቅርብ ዘመዱ ሕዋስ ውስጥ አስገባው። ሕዋሱም በአዲሱ መመሪያ እየተመራ ተራባ። ዲ.ኤን.ኤው ተሠራ፤ ተቀባዩ ሕዋስ ግን፣ እንደ ዋሻው ሁሉ፣ አስቀድሞ የነበረ ነው።

እንግዲህ መጣመርን የሚገልጽ ቃል ከወዴት ይገኛል? ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመማሪያ መጻሕፍታችን ፎቶሲንተሲስን «ብርሃን አስተፃምሮ» ብለው ከተረጐሙት ቈይተዋል። የቃሉ መነሻ የግእዙ ፀመረ ሲሆን፣ የአማርኛው ተጣመረ፣ ጣምራና ጥምረት ዘመዶቹ ናቸው። ስለዚህ «አስተፃምሯዊ ሥነ ሕይወት» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን።

ስያሜው ለተማሪ ይከብዳል የሚሉ ይኖሩ ይሆናል፤ «ቅንብር» ይቀላልና። ሆኖም ቅንብር በሙዚቃና በድርሰት ዘንድ ሥፍራውን ይዟል። አስተፃምሮ ግን ተማሪው ስለ ቅጠል ሲማር የሚያውቀው ቃል ነው፤ በሚያውቀው ቃል ወደ አዲሱ ዕውቀት ይገባል፣ ያልተደረገውንም እንደ ተደረገ አያስብም።