ሁለት ጫፍ ያለው ሰንሰለት

በወሎ፣ ደጎሎም ሆነ መካነ ሰላም፣ ከደጅ የራቁ አዛውንት ደኅንነታቸው ሲጠየቅ «የአልጋ ቁራኛ ሆኑ» የሚል መልስ ይሰማል። ለመሆኑ ቁራኛ ማን ነው?

ብዙዎቻችን ከ«እስረኛ» እኩል እናየዋለን። ድምፁ ያታልላል። «እስረኛ» ላይ ያለው «ኛ» ቅጥያ ነው፤ ሲነሳ «እስር» ይቀራል። ከ«ቁራኛ» ላይ «ኛ»ን ብታነሱ ግን የሚቀራችሁ ቁራ ነው፤ ወፉ! እዚህ «ኘ» የሥሩ አካል ነው፤ «ተቆራኘ»፣ «አቆራኘ»፣ «ቁርኝት» ሁሉ ይመሰክራሉ። የሥሩ ፍሬ ነገርም መዝጋት ሳይሆን ሁለትን ማጣመር ነው። ዐረብኛም ሁለት ነገር አንድ ላይ ማሰርን «ቀረነ» ይለዋል።

ቃሉ የመጣው ከፍርድ አደባባይ ነው። ባለዕዳና አበዳሪ፣ ወይም ከሳሽና ተከሳሽ፣ እጅ ለእጅ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ለቀላል ጉዳይ የሁለቱን ነጠላ ጫፍ ለጫፍ መቋጠር ይበቃል። ወህኒ ቤትና ዘበኛ በሌለበት ስፍራ ከሳሹ ራሱ ዘበኛ ሆነ ማለት ነው። ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። አንዱ ሲያስነጥስ የሌላው እጅ ይነቃነቃል። እንግዲህ ቁራኛው የትኛው ነው? ሁለቱም!

እስር እንዲህ አይደለም፤ አሳሪው ቁልፉን ይዞ ቤቱ ይገባል። በዚሁ በወሎ ደጋ፣ መቅደላ አምባ ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ ብዙ ሰው አስረዋል። ወጣቱ ምኒልክም እዚያ ታስረው የአሳሪያቸውን ልጅ እስከ ማግባት ደረሱ። እንዲህ ያለውን እስር «ቁርኝት» ብንለው ያምርበታል፤ ቢሆንም ሰኔ 1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡ።

ሰንሰለቱ ከቀረ በኋላ ቃሉ በየፊናው ሄደ። «ቁርኝት» ማዕረግ አግኝቶ የሕዝቦችን ዝምድና ይገልጻል። «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» ስንል ብረቱን በዓይን ተክተናል፤ ጠባቂውም ዓይኑን መንቀል አይችልም፣ እሱም ተይዟል። «የአልጋ ቁራኛ» ላይ ደግሞ አልጋው የአበዳሪውን ቦታ ወሰደ።

እኔ ግን አልጋው ቦታውን የወሰደ አይመስለኝም። ሌሊት አዛውንቱ ሲያቃስቱ የምትነሳው፣ ከገበያ የቀረችው፣ ሰርግ ያልሄደችው አስታማሚ ልጃቸው አለች። እሷን ማንም ቁራኛ አይላትም። በጥንቱ ፍርድ ቢሆን የሰንሰለቱ ሌላኛው ጫፍ እጇ ላይ ነበር።