የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ተሽከርካሪዎች

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ተሽከርካሪዎች በኢትዮጵያ ዋና ከተማ በሁለት መስመሮች ሕዝብ የሚያጓጉዙ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ናቸው። አንዱ መስመር ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፣ ሌላው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። አገልግሎቱ የተጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው።

አምራቹ

41ዱም ባቡሮች የተሠሩት በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በምትገኘው በቻንግቹን ከተማ ነው። ሐዲዱንም የዘረጋው የቻይና ኩባንያ ሲሆን፣ ከ475 ሚሊዮን ዶላሩ ወጪ 85 በመቶው በቻይና ኤክዚም ባንክ ብድር ተሸፍኗል።

የመለዋወጫ ችግር

ባቡሮቹ ተሠርተው ያለቁ ሆነው ስለ ገቡ መለዋወጫቸውም ከውጭ፣ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ምንዛሪ ሲያጥር የተበላሸው ባቡር ሳይጠገን ይቆማል፤ አንዳንዴም ክፍሎቹ ተፈትተው ለሌላው ይውላሉ። በ2015 ዓ.ም. አካባቢ ከባቡሮቹ አብዛኞቹ ከሥራ ውጭ ነበሩ። መንገደኛውም በየጣቢያው ረጅም ጊዜ ለመጠበቅ ተገዷል።

የአገር ውስጥ ምርት

ኢትዮጵያ የከተማ አውቶቡሶችን በቢሾፍቱ ገጣጥማለች። በአልጄሪያ የአናባ ፋብሪካ ለአገሪቱ ከተሞች ትራሞችን ገጣጥሟል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ካዘዘቻቸው 600 የከተማ ባቡሮች 580ዎቹ በአገር ውስጥ እንዲሠሩ ተዋውላለች። እንዲህ ያለ ፋብሪካ የሚያዋጣው ትእዛዙ ብዙና ተከታታይ ሲሆን ነው። 41 ባቡር ብቻ ላላት ከተማ ግን ቅርቡ መነሻ በየጊዜው የሚያልቁ ክፍሎችን በአገር ውስጥ መሥራትና የጥገና ባለሙያ ማፍራት ነው።