አመክሮና ተያዥ፦ የታራሚ መታረም የት ይለካል?

“ወህኒ ቤት” የሚለው ስያሜ በ“ማረሚያ ቤት” ከተተካ ቆይቷል። አዲሱ ስም የገባውን ቃል ለመመርመር የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 እናንሣ። ታራሚው የእስራቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት ሲፈጽም ፍርድ ቤት በአመክሮ ሊፈታው ይችላል። ቀን መቁጠር ብቻ ግን አይበቃም፤ በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማስመስከር፣ ያደረሰውንም ጉዳት በተቻለው መጠን መካስ ይኖርበታል።

“አመክሮ” በገዳም ለምንኩስና የሚዘጋጅ ሰው የሚፈተንበት ዘመንም ስም ነው። ልዩነቱ፣ መናኙ የሚፈተነው ወደፊት በሚኖርበት ሥፍራ ሲሆን ታራሚው የሚፈተነው በማይኖርበት መሆኑ ነው። በግቢው ውስጥ የቤት ኪራይ የለም፤ መጠጥ ቤትም የለም። ስለዚህ እዚያ ታዛዥ መሆን የመታረም ሙሉ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሽመና ወይም እንጨት ሥራ ተምሮ የወጣ ሰው ሰበታ ወይም ቡራዩ ካለ ፋብሪካ ደጃፍ ሲቆም፣ ከሙያው ይልቅ የሚያስጨንቀው “ተያዥ አለህ?” የሚለው ጥያቄ ነው። ተያዥ የሚሆነው ደግሞ ዘመድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ለታሳሪ ከትዳር ጓደኛውና ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር የመገናኘት መብት ሰጥቶታል፤ እኔ ይህን ከሥልጠናዎቹ ሁሉ አስቀድመዋለሁ። ሆኖም ልጇ ሸዋ ሮቢት የታሰረባት የሱሉልታ እናት እርሱን ለመጠየቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለባት።