ስልክዎን በጣት አሻራ ከመክፈትዎ በፊት

በአንድሮይድ ስልክ ወይም ታብሌት ላይ የሚመዘገበው የጣት አሻራ ለፋይዳ መታወቂያ ከሰጡት አሻራ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ተመስጥሮ የሚቀመጠው በመሣሪያው ውስጥ ብቻ ነው።

ለመመዝገብ «ቅንብሮች» ውስጥ ገብተው «ደህንነት»፣ ቀጥሎም «የጣት አሻራ» የሚለውን ይምረጡ፤ ስያሜው እንደ ስልኩ ዓይነት በመጠኑ ሊለያይ ይችላል። መሣሪያው በቅድሚያ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። ከአሻራውም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ቁጥር ነው። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ወይም አሻራው ሳይነበብ ሲቀር የሚከፈተው በእርሱ ሲሆን፣ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው የራሱን አሻራ መጨመር ይችላል። ስለሆነም 1234ን ወይም የትውልድ ዓመትዎን አይጠቀሙ።

ከዚያም የጣትዎን መሃልና ጠርዝ በአሻራ ማንበቢያው ላይ ደጋግመው ያሳርፉ። በእርሻ ወይም በግንባታ ሥራ የሻከረ ጣት አንዳንድ ጊዜ አይነበብም፤ እጅዎን ታጥበው ያድርቁ፤ ካልሆነም ሥራ ብዙም ያልጎዳውን ጣት ይመዝግቡ።

ስልክዎን ሌላ ሰው አስተካክሎ ከሰጠዎት የተመዘገቡትን አሻራዎች ይመልከቱና የእርስዎ ያልሆነውን ይሰርዙ። የተመዘገበ አሻራ ሁሉ ስልኩን እኩል ይከፍታል፤ የባንክ መተግበሪያዎ በአሻራ እንዲሠራ ከፈቀዱም ያ ሰው ወደ ሒሳብዎ ሊገባ ይችላል። ያገለገለ ስልክ ከገዙ ደግሞ ከመጠቀምዎ በፊት በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍተው እንደ አዲስ ያስጀምሩት።